ሳይቀደድ የወለቀው ፀጉር

ተረት ተረት፤ የበጎች በረት።

አንዲት በግ ከግልገሏ ጋር ትኖር ነበር። የመሸለቻዋ ቀን ሲደርስ ገበሬው መቀሱን ስሎ ከሆዷ ጀመረና ቆዳዋን ሳይነካ ዙሪያዋን ጨረሰ። ፀጉሩ ሳይቆራረጥ እንደ ጋቢ ወለቀ። ሰሌን ላይ ሲያስቀምጠው የተኛች በግ መሰለ።

«አንድ ቦታ እንኳ አልቀደድኩም» አለ መቀሱ፤ በሥራው የሚኮራ ነበር።

ግልገሉ ከመስክ የተመለሰው ርቦት ነው። በጊቱ ወደ እሱ ስትመጣ ግን አፈገፈገ።

«ና ጥባ እንጂ» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ?»

«እናትህ ነኛ።»

«እናቴ እንዲህ ከሲታ አይደለችም። ያቻትና፣ እዚያ ተኝታለች።»

ሄዶ አፉን ፀጉሩ ውስጥ ቀበረ። ሽታው የእናቱ ነው፤ ወተት ግን የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈልጎ ሲያጣ ዓይኑን ጨፍኖ አለቀሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ ሳይጠባ ካደረ ብርዱን አይችለውም።

በጊቱም ግራ ገባት። ዞራ ጎኗን ብታይ ለራሷም እንግዳ ሆነችባት። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ፀጉሩ ሥር ገብታ ተጋደመች። ግልገሉ ጡት አገኘ።

ጥቂት ጠብቶ ቀና አለና ለፀጉሩ ነገረው።

«እማዬ፣ ያቺ ራቁቷን የምትዞረው እናትህ ነኝ ትላለች እኮ።»

በጊቱ ከፀጉሩ ሥር ሆና ሌላኛውን ጡት እንዲያገኝ እግሯን አነሳችለት።