ውሃ የሰረቀው ዘበኛ

አንድ ቀን፣ የመጋቢት ፀሐይ ምድሩን እንደ ቆሎ በምታምስበት ሰሞን፣ የጽድ አምባ ግድብ ዘበኛ አያ ቢሻው የመንግሥት ውሃ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ። ማስረጃ ሆና የቀረበችበት የገዛ ላሙ ናት። የአገሩ ከብት ሁሉ የጎድን አጥንቱ አንድ ሁለት ተብሎ በሚቆጠርበት ወር የአያ ቢሻው ቦራ ወዟ ጠብ እስኪል ሰብታ፣ ከግድቡ ግርጌ እስከ ጉልበት በደረሰ ለምለም ሣር ውስጥ ቆማ ታመነዥግ ነበር። እንዲህ ያለ ሣር በተራራው ላይ ሌላ ቦታ የለም። ያለው እሷ በቆመችበት፣ ከአንድ አውድማ በማይሰፋ መሬት ላይ ብቻ ነው።

የነገሩ ሥር ግን ወደ ኋላ ይሄዳል። ጽድ አምባ ከተራራው ወገብ ላይ የተሠራች ትንሽ የአፈር ግድብ ናት። ቁልቁል ሲታይ ከሸለቆው ውስጥ ስድሳ ያህል ቤት፣ የወረዳው ፍርድ ቤትና ፖሊስ ጣቢያው አሉ። የአያ ቢሻው ልጅ በቅርቡ የወለደችውን ሕፃን ታቅፋ የምትኖረውም እዚያው ነው። ሰውየው ግድቧን አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቋታል። ላም መታመሟን ከዓይኗ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የግድቧንም ሕመም ከግርጌዋ ያውቃል።

በጥር ወር ግርጌዋ ረጠበ። አያ ቢሻው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በለመዳት፣ ወደ ጎን ጋደም ባለች የእጅ ጽሕፈቱ፣ ከደብተር በገነጠላት ወረቀት ላይ «ግድቡ ያፈሳልና ይታይ» ብሎ ለኃላፊው ጻፈ።

ኃላፊው ኢንጂነር ልዑልሰገድ የሚባል ነው። ይህ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። ስለ ጤፍ ቢነሳ ገበሬውን ያርማል፣ ስለ ቅኔ ቢነሳ መሪጌታውን ያርማል። ያን ሰሞን ደግሞ ልቡ ያለው ጀልባ ላይ ነበር። በእግር የሚዘወሩ፣ በዳክዬ ቅርጽ የተሠሩ አራት ነጫጭ ጀልባዎች አስመጥቷል። ለዳግማይ ትንሣኤ ከላይ ትላልቅ እንግዶች ጠርቶ ግድቧን «የጽድ አምባ መዝናኛ ሐይቅ» ብሎ ሊያስመርቅ ነው። ዳክዬዎቹ ጭቃ እንዳይነካቸው ሲል ክረምቱ እንደወጣ የመስኖውን በር ቆልፎ፣ ውሃውን እስከ አፏ እንደሞላ አቆይቶታል። ግድቧ ከተሠራች ጀምሮ እንዲህ ሞልታ በጋን አይታ አታውቅም።

የአያ ቢሻው ወረቀት በሳምንቱ ተመለሰች። ጥጓ ላይ ፊርማና ማኅተም አርፎባታል፤ «ጤዛ ነው። ይፋይል» ይላል።

በየካቲት መጀመሪያ ውሃው መንቆርቆር ጀመረ። አያ ቢሻው ሁለተኛ ጻፈ። «ጤዛ ነው። ይፋይል።» በየካቲት መጨረሻ የሚወጣው ውሃ ደፈረሰ። ሦስተኛ ጻፈ። ሦስተኛም «ጤዛ ነው» ተብሎ ተመለሰለት። ይሄኔ የደፈረሰውን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ቢሮ ድረስ ሄደ።

«ጌታዬ፣» አለ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ «የጠራ ውሃ ቢወጣ ግድቡ አላበው ብዬ ዝም እል ነበር። የደፈረሰ ከወጣ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነው። ሆድ ዕቃው እየወጣ ነው። የመስኖውን በር ከፍተን ትንሽ እናጉድልለትና ይታይ።»

«አጉድዬ ዳክዬዎቹን ጭቃ ላይ ላስቀምጣቸው? አንተ ዘበኛ ነህ፤ በርህን ጠብቅ። ስለ ግድብ የሚያወራ ግድብ የተማረ ነው።»

«እንዴ፣ ጌታዬ ካሉማ ጤዛ ነዋ!» አለና አያ ቢሻው ጠርሙሱን አንስቶ ወጣ።

አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዱ ፈርቷል። ቁልቁል ባየ ቁጥር የልጁ ቆርቆሮ ጣራ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። «ነይ ከላይ እኔ ዘንድ ክረሚ» ቢላትም «ኢንጂነሩ ምንም የለም ብሏል» ብላ እምቢ ብላዋለች። የተማረ ሰው ቃል ከአባት ቃል በለጠባት። አያ ቢሻው አንድ ሁለት ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲያሰላስል ሰነበተ። ከዚያ ቦራን ከቤቱ ነድቶ አምጥቶ ከግድቡ ግርጌ፣ ከለምለሙ ሣር ላይ አሰራት።

ሳምንታት አለፉ፣ ቦራም ሰባች። አንድ ሐሙስ የወረዳው የጥቆማ ሣጥን ሲከፈት ስም የሌለው ወረቀት ተገኘ። «የጽድ አምባ ግድብ ዘበኛ ቢሻው አዱኛ የመንግሥትን ውሃ ሰርቆ ላሙን እያሰባ ነውና ይታይ» ይላል። ማን እንደጻፈው ለጊዜው እንተወው። ሰው ላሙ ስትሰባለት ጠላት አያጣም።

አገር ተነሳ። አርብ ጠዋት ገና ጀንበር ሞቅ ሳትል ዳኛዋ፣ የፖሊስ አዛዡ፣ የግብርናው፣ የውሃው፣ ሌላም ስሙ የማይታወቅ ጽሕፈት ቤት ሁሉ ከግድቡ ግርጌ ተሰበሰበ። ኢንጂነር ልዑልሰገድ ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል። ያን ነዝናዛ ዘበኛ የሚገላገልበት ቀን ደረሰ።

ዳኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ ካባቸውን በክንዳቸው እንደያዙ ሣሩን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት።

«ኢንጂነር፣ ውሃው ከግድቡ ለመሰረቁ ማስረጃዎ ምንድን ነው?»

«ሣሩ ነዋ! በመጋቢት ሣር የሚለመልመው ውሃ ሲጠጣ ነው። በዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ውሃ ያለው እኔ ግድብ ውስጥ ብቻ ነው።»

አያ ቢሻው ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት ይፍቀድልኝና ኢንጂነሩን አንድ ነገር ልጠይቃቸው። ጌታዬ፣ ምናልባት ምንጭ እንዳይሆን?»

«የምን ምንጭ! የዚህን ተራራ ምንጭ በሙሉ በካርታ አውቀዋለሁ።»

«ዝናብስ?»

«ከጥቅምት ወዲህ ዝናብ የት አይተህ?»

«እንግዲያስ...» አለ አያ ቢሻው አንገቱን እያከከ፣ «ጤዛ እንዳይሆን?»

ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ። የቆመውንም ሰው ዞር ዞር እያለ ለሳቁ ጋበዘው። «ላም የሚያሰባ ጤዛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ክብርት ዳኛ፣ ይህ የግድቡ ውሃ ነው። በሙያዬ እምላለሁ!»

«ይጻፍልኝ» አለ አያ ቢሻው።

ጸሐፊዋ ጻፈች። ኢንጂነሩም «ጻፊ፣ ጻፊ» ብሎ አገዘው። አያ ቢሻው ይሄኔ ከካፖርቱ ኪስ ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥቶ በሁለት እጁ ለዳኛዋ ሰጠ። ዳኛዋ አንዷን አነበቡ፣ ሁለተኛዋን አነበቡ፣ ሦስተኛዋን አነበቡና ቀና ብለው ኢንጂነሩን አዩት። ኢንጂነሩ የገዛ ማኅተሙን ከሩቅ ሲያየው ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ።

«አያ ቢሻው፣» አሉ ዳኛዋ ቀስ ብለው፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ? ጥፋተኛ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፣ ኢንጂነሩ ያሉት ይሁን። ያኔ 'ጤዛ ነው' ብለው ፈርመዋል፤ ጤዛ ከሆነ ላሜ የበላችው የእግዜርን ነውና ልቀቁኝ። ዛሬ ደግሞ 'የግድቡ ነው' ብለው ምለዋል፤ የግድቡ ከሆነ አጥፍቻለሁ፣ ከነላሜ እሰሩኝ። ብቻ አንድ ነገር እለምናለሁ፤ የምታስሩኝ ከግድቡ በላይ ይሁን።»

መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር። ቀጥሎ ግን ሁሉም ዓይኑን ቁልቁል ላከ። የፖሊስ ጣቢያው ጣራ ይታያል። የፍርድ ቤቱም ይታያል። የፖሊስ አዛዡ ከእግሩ ሥር የሚሄደውን ድፍርስ ውሃ ዝቅ ብሎ አየና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዳኛዋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የመስኖው በር አሁኑኑ ይከፈት!» አሉ። ከታች ያሉት ሰዎችም ያን ቀን ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ ወደ ተራራው ወጡ። የአያ ቢሻው ልጅ አራስ ልጇን አዝላ ስትመጣ አባቷ ሕፃኑን ተቀብሎ አቀፈው።

በአምስተኛው ቀን ውሃው ሲጎድል ጉዱ ወጣ። ዱሮ ውሃው የማይደርስበት ከፍታ ላይ ጃርት የማሰችው ጉድጓድ ነበር። ግድቧ እስከ አፏ ስትሞላ ውሃው በዚያ ገብቶ አፈሩን ሲያጥብ ከርሟል፤ ቀዳዳው አሁን ጎንበስ ያለ ሰው ያስገባል። እንዲያ እንደሞላች ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ብትቆይ ኖሮ የሚሆነውን ማሰብ ያስፈራል። ዳክዬዎቹ አራቱም ጭቃ ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። ኢንጂነር ልዑልሰገድም ከዚያ ወዲያ ስለ ጤዛ ሲነሳ ርዕስ ይለውጣል ይባላል።

ያን ቀን ቀዳዳውን ሊያዩ ዳግም የመጡት ዳኛ ትርንጎ፣ ሰው ሁሉ ሲበተን አያ ቢሻውን ወደ ዳር ጠሩት። በአንድ እጃቸው ሦስቱን ሪፖርቶች፣ በሌላው ከሣጥኑ የወጣችውን ጥቆማ ይዘዋል። የአራቱም ፊደል ወደ ጎን ጋደም ያለ ነው።

«አያ ቢሻው፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰው በገዛ ራሱ ላይ ይጠቁማል?»

አያ ቢሻው የቦራን ገመድ እየፈታ ቀና አለ።

«ምን ላድርግ እመቤቴ! 'ግድቡ ያፈሳል' ብዬ ሦስት ጊዜ ብጽፍ አንድ ሰው አልመጣም። 'ቢሻው ሰረቀ' ብዬ አንድ ጊዜ ብጽፍ አገሩ ሁሉ በማግስቱ መጣ።»