የወጌሻዋ እጅ

ፊታውራሪ አንዳርጌ ከበቅሎ ወድቀው ትከሻቸው ወለቀና የመንደሩ ወጌሻ ተጠራች። «ካዳንሽኝ፣ ቀና ብሎ ስላየኝ ያሰርኩትን ወንድምሽን እፈታልሻለሁ» ብለው በአደባባይ ማሉላት።

ሴትዮዋም ትከሻቸውን በቅቤ አሽታ፣ ስባ ወደ ቦታው መለሰችው። በሃያኛው ቀን ፊታውራሪው እንደ ልማዳቸው አለንጋ ማንሣት ጀመሩ። የወንድሟ እግር ብረት ግን አልወለቀም።

«ቃልዎስ ጌታዬ?» ብትላቸው በሹማምንታቸው ፊት ሳቁባት። «አካል እኮ ራሱን በራሱ ነው የሚፈውሰው! አንቺ እጅሽን ከመጫን በቀር ምን ሠራሽ?»

እሷም ለጥ ብላ እጅ ነሣችና፣ «እውነትዎን ነው» አለች። «አገሩም ራሱ ያርሳል፣ ራሱ ያጭዳል፤ እርስዎም እጅዎን ከመጫን በቀር የሠሩት የለም። እኔስ ትከሻዎ ሲሽር እጄን አነሣሁ፤ እርስዎ መቼ ያነሡልን ይሆን?»