አህያው በላት የተባለችው ፍየል

እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ተረት ልስጣችሁ።

በአንድ ጫካ ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ዝንጀሮ ነበር፤ ተሳሳትኩ ማለት የማያውቅ። አንድ ቀን አህያውን «ፍየል በልተሃል» ብሎ ከሰሰው።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሣር ነው የምበላው» አለ ትዕግሥተኛው አህያ።

ዝንጀሮው ግን «ምርመራዬ አላለቀም» እያለ ዳኛውን አንበሳ በየጊዜው አሥራ አራት ቀን ስለሚያስጨምር አህያው ታስሮ ከረመ።

በስድስተኛው ቀጠሮ ተበላች የተባለችው ፍየል ራሷ ችሎት ገባች።

«ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነው የቆየሁት፤ ማንም አልበላኝም» አለች።

ዝንጀሮው መዝገቡን ገለጠ። «ክቡር ዳኛ፣ ፍየሏ መሞቷ እዚህ ተጽፏል። ይቺኛዋ ማን እንደሆነች እስካጣራ አሥራ አራት ቀን ይፈቀድልኝ።»

አንበሳው ፈቀደ።

ይሄኔ የአህያው ትዕግሥት አለቀ። «ጌታዬ፣ እሱንስ የሚከሰው ማን ነው?»

«መክሰስ የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው» አለ አንበሳው፣ ወደ ዝንጀሮው እየዞረ።

ዝንጀሮው ለአፍታ ራሱን አከከ። «ራሴን መርምሬአለሁ፤ የሚያስከስስ ነገር አላገኘሁም።»

ይኼኛው ምርመራ አሥራ አራት ቀን አልፈጀም።

ተረቴ ይኸው ነው። ዳቦዬን ግን ለአህያው አድርሱልኝ፤ እስካሁን አልተፈታም።