ከሰዓት ተራ

በሐዲዱና በደረቁ ወንዝ መካከል ባለችው ቆላማ ከተማችን፣ ሸበጥ የሚሸጥበት መንገድ ከሰዓት ተራ ይባላል። ጠዋት የመጣ ገዢ የሚያገኘው የታሰረ ጆንያና ጆንያው ላይ የተጋደመ ነጋዴ ነው። «ምነው፣ አትሸጡም እንዴ?» ቢል፣ «እግርህ ገና አልነቃም፤ ሻይ ጠጥተህ ተመለስ» ይሉታል። የሁመሩ ዛፍ ጥላ ወደ ምሥራቅ ካላጋደለ ጆንያ አይፈታም።

ለምን?

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ ባቡር ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ ያለች እታፈራሁ የምትባል ልጅ ከወዲህ ላለው ለተካልኝ ታጨች። በዚያን ጊዜ ሙሽራ በበቅሎ አትሄድም ነበር፤ አማቷ ያሰፋችላትን አዲስ ሸበጥ ተጫምታ አሸዋውን በእግሯ ትሻገራለች። መሐል ላይ ካወለቀችው ግን «ሰውዬውን አልፈልግም» ማለቷ ነው፤ ሰርጉም በዚያው ይፈርሳል ይባላል።

የተካልኝ እናት እትዬ አስካል ልኳን የወሰዱት በማለዳው ብርድ፣ ልጅቱ ገና ከመኝታዋ ተነሥታ እንደተቀመጠች፣ በስንደዶ ነበር። ሸበጡም በስንደዶው ልክ ተሰፋ፤ ጠፍሩ ቀጭን፣ ሶሉ ስስ፣ ግን ዓይን የሚያስቀር።

ሰርጉ ከቀትር በኋላ ሆነ። ሙቀቱና ጭፈራው የእታፈራሁን እግር አሳብጦት ኖሮ፣ ወንዙ መሐል ስትደርስ ጠፍሩ ሥጋዋ ውስጥ ገባ፤ ከኋላ የተረፈውን ተረከዟን አሸዋው ፈጀው። ቆመች። ጎንበስ ብላ አንዱን አወለቀች።

ዘፈኑ ቀጥ አለ።

«ተዋረድን!» አሉ የሙሽራው አጎት ባሻ ወልደየስ፣ ዱላቸውን እያነሡ። ከሙሽራዋ ወገንም ዱላ ተነሣ።

እታፈራሁ ሸበጡን ከፍ አድርጋ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ጮኸች፦ «ኧረ ባሻ፣ ሰውዬውንማ እወደዋለሁ! የጠላሁት ጫማውን ነው!»

ይህን ሲሰማ ተካልኝ ከሚዜዎቹ መካከል ሮጦ ወጣ፤ ሰፋ ያለውን፣ ሶለ ወፍራሙን የራሱን ሸበጥ አወለቀና እግሯ ላይ አሰረላት። የእሷን እሱ ሊያጠልቅ ቢሞክር ከጣቶቹ አላልፍ አለው። ትኩስ አመድ እንደረገጠች ዶሮ እየተራመደ፣ «እማዬ፣ ይኼን ያሰፋሽው ለፍየል ነው እንዴ?» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት የሙሽራዋ ወገኖች ናቸው ይላሉ። እትዬ አስካል ግን አልሳቁም። ስንደዶውን ከመቀነታቸው አውጥተው፣ ተንበርክከው፣ ከቆመችው ልጅ እግር ጋር አስተያዩት። እግሯ አንድ አውራ ጣት ያህል በለጠ።

ባሻ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቱ ጥፋት የለባትም» ሲሉ ፈረዱ። «ጥፋተኛው ማለዳ ነው!»

ከዚያ ወዲህ፣ እንደሚነገረው፣ በከተማችን ጠዋት ጫማ አይለካም፤ ተቀምጦም አይለካም። ገዢው ሸበጡን አጥልቆ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ አሸዋው ላይ ይመላለሳል። ፊቱን አጨማድዶ ከተመለሰ ነጋዴው ከሩቅ ይጠይቀዋል፦

«ሰውዬውን ነው ጫማውን?»

«ጫማውን!» ሲል፣ ሌላ ጆንያ ይፈታል።