ወጥቼ አይቻለሁ

አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ትርሲት የምትባል የጠዋት ዜና አቅራቢ ነበረችው። ዝግጅቱ ሲጀመር የነበረው ሀብት አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና የትርሲት ልማድ ብቻ ነው። ካሜራ ፊት ከመቀመጧ በፊት እስከ ጣቢያው በር ትወጣለች፣ ሰማዩን ታያለች፣ ከጥበቃው ከጋሽ ደምመላሽ ጋር ቆማ የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ ታክሲ የት እንደጠፋ አላፊ አግዳሚውን ትጠይቃለች። ከዚያ ገብታ፣ «እንደምን አደራችሁ፤ ወጥቼ አይቻለሁ» ብላ ትጀምራለች።

ከተማው ይህችን ቃል ወደዳት። እናቶች ለልጆቻቸው ሹራብ የሚያለብሱት ትርሲትን ሰምተው ሆነ። ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ የሚከራከሩ ባልና ሚስት «እስቲ እሷ ትናገር» ይባባሉ ጀመር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቁርስ የሚበላ ሁሉ ከእሷ ጋር የሚበላ መሰለ።

ዝናው ምቾትን አስከትሎ መጣ። ሶፋ ተገዛ፣ ማስታወቂያው በዛ፣ ታዋቂ እንግዶች ተጋበዙ። እንግዶቹ ግን በማለዳ መነሳት አይወዱም። አዘጋጁ አቶ ልሳነወርቅ አንድ ቀን መላ አመጣ።

«ለምን ከሰዓት በኋላ ቀድተን በማግስቱ ጠዋት አናስተላልፈውም? ማን ያውቃል?»

«ሰማዩስ?» አለች ትርሲት።

«በበጋ ሰማይ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ትርሲትም እንቅልፍ ናፍቋት ነበርና እሺ አለች። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን፣ በመጨረሻ ሁልጊዜ ሆነ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ማለዳ የበረዶ ድምፅ ትርሲትን ከእንቅልፏ ቀሰቀሳት። ቆርቆሮው ሊበሳ ደርሷል። ቴሌቪዥኑን ስትከፍት ራሷን አየች። «ወጥቼ አይቻለሁ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጃንጥላችሁን ቤት ተዉት» ትላለች ፈገግ ብላ። ትርሲት በገዛ ቤቷ፣ ማንም ሳያያት አፈረች። ያን ቀን በረዶው ገና ያልደረሰበት የከተማው ሰው እሷን አምኖ በስስ ልብስ ወጥቶ በስብሶ ገባ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ተገኘች። ሰማዩን አየች፣ መንገደኛ ጠየቀች፣ ገብታም ያጠፋችውን ሳትሸፍን ተናግራ ተመልካቾቿን ይቅርታ ለመነች። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ቀድታ አላቀረበችም። ተመልካቹ ግን እየሳሳ ሄደ፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ዝግጅቱ ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ጋሽ ደምመላሽ ዘንድ ቆመች።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ልማዴንም መለስኩ። ሰዉ ለምን አልተመለሰም?»

«ልጄ፣ ይቅርታሽንማ ተቀብለናል» አሉ። «ባለቤቴ እስከ ዛሬ ጠዋት ታይሽ ነበር። ብቻ አንቺ ‹ወጥቼ አይቻለሁ› ስትዪ፣ እሷ ብድግ ብላ በሩን ትከፍትና ሰማዩን ታያለች። ራሷ ወጥታ የምታይ ከሆነ ደግሞ አንቺን ምን ብላ ትጠብቅ?»

ትርሲት ቀና ብላ ሰማዩን አየችና መንገዷን ቀጠለች።

ወዳጆቼ፣ ሰው ቃላችንን የሚያምነው ቃሉ ስላማረ ሳይሆን ስለ ቃሉ ስንል ስለደከምን ነው። ድካሙን ትተን ቃሉን ብቻ ስናስቀር ለጊዜው ማንም ላያውቅብን ይችላል። የታወቀ ዕለት ግን ይቅርታ ቶሎ ይገኛል፤ እምነት ግን ከይቅርታ ጋር አብሮ አይመጣም። እኛስ፣ ዛሬ «አይቻለሁ» ብለን ከተናገርነው ውስጥ በእርግጥ ወጥተን ያየነው የትኛውን ነው?