አህያን ዝናብ የቀደማት ዕለት

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ልጇን ለማስፈታት ወንዝ ተሻግራ ችሎት ቆማ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጅብ «ከምንጬ ያለ ፈቃዴ ጠጣ» ብሎ ውርንጭላዋን ጎሬው ውስጥ ዘጋበት። እናት ወደ አገሩ ዳኛ ሮጠች። ዳኛው ደግሞ የጅብ አጎት ነው። «እስኪወፍር እዚያው ይቆይ፤ ፍርዴን ጨርሻለሁ» አላት።

ከወንዙ ማዶ ግን አንበሳ የሚመራው የአራዊት ሁሉ ሸንጎ ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ በአገሩ ዳኛ ፊት ክርክሩን መጨረስ አለበት። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ መድረስ አለበት። የዘገየ ቢያለቅስም አይሰማም።

አህያ ልትነሳ ስትል ቀበሮ መጣ። ጅብ እንደላከው አልነገራትም።

«እመት አህያ፣ ምን ያንከራትትሻል? አጎትየው ሆዱ ባብቷል አሉ። እንደገና ለምኚው እንጂ።»

አህያን መቼም ታውቋታላችሁ፤ ደህና ቃል ካገኘች ታምናለች። ሄዳ ለመነች። «እናየዋለን፤ ነገ ተመለሺ» አላት። በማግስቱ ሄደች፤ ከዚያም ወዲያ ሄደች። አዝመራው ታጨደ፣ በጋው አለፈ። የዳኛውን ደጅ ሣር ግጣ ጨረሰችው፤ የልጇ ነገር ግን ፈቀቅ አላለም።

አንድ ቀን በጎሬው አጠገብ ስታልፍ የልጇን ድምፅ ሰማች።

«እማዬ፣ ዛሬ ጎኔን ዳበሰና ‹ትንሽ ቀረህ› አለኝ።»

በቀጥታ ወደ ወንዙ ጋለበች። መንገድ ላይ ሳለች የክረምቱ ዝናብ ወረደ። እየተንጠባጠበች ሸንጎው ፊት ስትደርስ፣ ጅብና ቀበሮ ስትሮጥ አይተዋት ኖሮ በአቋራጭ ቀድመዋታል።

ቀበሮ እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ አጎትየው ከፈረደ ቆይቷል፤ ክረምቱም ገብቷል። ጀርባዋን ይመልከቱት።»

አንበሳ እርጥብ ጀርባዋን አይቶ አዘነ። ደንብ ነውና «ዘግይተሻል» ሊላት አፉን ሲከፍት ጅብ ጣልቃ ገባ። ጅብ አንድ አጥንት በቅቶት አያውቅም፤ አንድ መከራከሪያም አልበቃውም።

«ደግሞም ጌታዬ፣ አጎቴ ዘንድ ገና አልጨረሰችም። ትናንት እንኳ ‹እናየዋለን፤ ነገ ተመለሺ› ሲላት እኔው ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ቀበሮ እግሩን ረገጠው።

«ምን ትረግጠኛለህ?» አለ ጅብ።

አንበሳ ፈገግ አለ። «ጉዳዩ ገና በአጎትህ እጅ ከሆነ የመጨረሻው ቃል አልተነገረም። ቃሉ ካልተነገረ ጊዜው መቆጠር አልጀመረም። እንግዲህ አልዘገየችም።»

ቀበሮ ፈጠን ብሎ፣ «እንግዲያው ቸኩላለች፤ ተመልሳ ትጨርስ» አለ። አህያ ግን «በጋውን ሙሉ ተመላለስኩ፤ ልጄም ሊበላ እየተቀለበ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ልጁ ለመበላት እየተቀለበ፣ በጋውን ሙሉ ‹ነገ ተመለሺ› የሚል ዳኛ አይጠበቅም» አለ አንበሳ። «ቅረቢ፣ እመት አህያ። አሁን ስለ ልጅሽ ንገሪን።»

ነገረቻቸው፤ በዚያው ዕለት ውርንጭላው ተፈታ። እናቱ ከጆሮው እስከ ጅራቱ አሸተተችው፤ ላሰችው፤ ደግማ አሸተተችው። እሱ ደግሞ በጅብ ቀለብ ጠንክሮ ኖሮ፣ በዝናቡ ውስጥ እናቱን ቀድሞ እየጋለበ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚህ የምንማረው፣ መብታችንን ለመጠየቅ የተሰጠንን ጊዜ «ነገ ተመለሱ» በሚል ደጅ ላይ መጨረስ እንደሌለብን ነው፤ ባላጋራችን ሁልጊዜ ጅብ አይሆንልንምና።