ማንጎ ማንጎ የሚሸተው ውርንጭላ

አንድ ጊዜ፣ አህዮች በጅብ ፍርሃት እንቅልፍ ባጡበት ዘመን፣ እመት ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ድምቡሼ የሚባል አንድ ውርንጭላ አላት። ጆሮው ከራሱ ቀድሞ ያደገ፣ ሲስቅ የተሸረፈች የፊት ጥርሱ ብቅ የምትል ልጅ ነው። ጥርሷን የሸረፋት አሞሌ ጨው እንደ ዳቦ እገምጣለሁ ብሎ ነው። እናቱ ስትቆጣው እንኳ ፊቷን ታዞራለች፤ ሳቋን እንዳያይባት።

የአህዮቹ በረት አንድ ጥብቅ ልማድ ነበረው። ሲመሽ እናቶች በሩ ላይ ቆመው እያንዳንዱን ውርንጭላ አሽትተው ያስገባሉ። ያልተሸተተ አይገባም። ድሮ አንድ ጅብ በጨለማ ከመንጋው ተቀላቅሎ ገብቶ ያደረሰውን ጥፋት ያየ ሁሉ በዚህ ነገር አይቀልድም።

በዚያ ሰሞን ቀበሮ አዲስ ዕቃ ይዞ ገበያ ወጣ። ከሸምበቆ የተሠራች፣ በክር አንገት ላይ የምትንጠለጠል፣ ሲስቧት ማንጎ ማንጎ የሚል ጉም የምታወጣ ነገር ናት። የዘይቱንም አለ፣ የሙዝም አለ። ውርንጭሎቹ አበዱ። ዋጋዋ ሸክም ነው፤ አንዷን የወሰደ የቀበሮን ጓዝ ተሸክሞ ይውላል።

ንጉሡ አንበሳ ከብዙ ዘመን በፊት፣ የወተት ጥርሱን ላልጣለ ትንባሆ እንዳይሸጥ አዋጅ አስነግሮ ነበር። ቀበሮ ደግሞ አዋጁን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስለዚህ የትንባሆውን ቅጠል ጨመቀና ጭማቂውን ከፍራፍሬ ውኃ ጋር ቀላቀለው። ለጠየቀው ሁሉ ቅጠል የለበት፣ እሳት የለበት፣ ይሄ እንፋሎት ነው ይላል። ጭማቂው ለምን እንዳስፈለገ ግን አይናገርም። ዛሬ የሳበ ውርንጭላ ነገ ማንም ሳይጠራው በገዛ እግሩ እንዲመለስ ነበር።

የገበያው በር ላይ ጥርስ እንዲያይ የተሾመው ማን መሰላችሁ? አያ ጅቦ ነው። ማን እንደሾመው እኔን አትጠይቁኝ። ቀበሮ ጠዋት ጠዋት አጥንት ያቀብለዋል፤ እሱም አጥንቱን እየቆረጠመ ሥራውን ይሠራል። ድምቡሼም ተራው ደርሶ አፉን ከፍቶ ቀረበ።

«ጥርስ አለህ?» አለው አያ ጅቦ።

«አለኝ።»

«በል እለፍ። የተከለከለው ጥርስ የሌለው ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ድምቡሼ ገበያውን ቤቱ አደረገው። መጀመሪያ ሰሞን እናቱ ስታሸተው ከራሱ ሽታ ጋር ትንሽ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይላታል። የወደቀ ማንጎ አግኝቶ የበላ መሰላትና ደስ አላት። እያደር ግን ልጁ ዳገት ላይ ይቆም ጀመር። ሊያናፋ ሲሞክር ያስለዋል። ምን ሆነህ ነው ስትለው ብርድ ነው ይላታል። እሷም አምናው በሆዷ ታሞቀው ነበር፤ ምስኪን።

አንድ ቀን ከገበያ የወጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲስብ ስለዋለ ከጆሮው እስከ ጭራው ማንጎ ሆኗል። አያ ጅቦም ሥራውን ጨርሶ፣ ርቦት ተነሣ። ጅብ ሞኝ ቢሆንም አፍንጫው ሞኝ አይደለም። ማንጎ የሚሸት ውርንጭላ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሲያይ ከርሟል። ሽታውን ተከትሎ ነጎደ። ድምቡሼ ኮቴ ሰማና ሮጠ። ድሮ ቢሆን ጅቡን አቧራ አልብሶት ይሄድ ነበር፤ አሁን ግማሽ መንገድ ላይ ደረቱ ተያዘ። እየተንገዳገደ እንደምንም ከበረቱ በር ደረሰ።

መልክ መለየት የማይቻልበት ሰዓት ነበር። እናቱ በበሩ ክፍተት አሸተተችው። ማንጎ ነው። ደግማ አሸተተችው። የልጇ ሽታ የለም።

«ማነህ አንተ? ልጄ ከሆንክ አናፋና ልስማህ» አለችው።

ሊያናፋ አፉን ከፈተ። የወጣው ሳል ብቻ ነበር። ልጇ ብርድ ይዞት ቢያስልም እንዲህ ያለ ሳል ከእሱ ሰምታ አታውቅም፤ ጅብ ድምፅ እንደሚያስመስል ግን ታውቃለች። በሩን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ልጄ እስካሁን የት ቀረብኝ እያለችም በክፍተቱ ወደ ጨለማው ታማትራለች።

ከኋላ የጅቡ ትንፋሽ ተሰማ። ድምቡሼ የሚያደርገው ቢያጣ አፉን በክፍተቱ አስገባና፣ ጡት ሲጠባ ጀምሮ እንደለመደው፣ የእናቱን ጉንጭ በጥርሱ ነካ አደረገ። የተሸረፈችው ጥርስ ቆዳዋ ላይ ስታልፍ እመት ዳልቻ ወዲያው አወቀቻት። በሩን በርግዳ ልጇን ጆሮውን ነክሳ ጎትታ አስገባችው። ለአያ ጅቦም በኋላ እግሯ አፍንጫው ላይ አንድ ሰጠችው።

«ይቺ ጥርስ ገና የወተት ናት» አለች። «ማነው ይሄን ነገር የሰጠህ?»

ድምቡሼ እያለቀሰ ሁሉንም ነገራት። አልመታችውም። እስኪነጋ ስትልሰው አደረች።

በማግስቱ አንበሳ ችሎት ቀረቡ። አያ ጅቦ ያበጠ አፍንጫውን ይዞ፣ ጥርስ እይ ተባልኩ፣ አየሁ፣ ነበረው ብሎ ተከራከረ። ቀበሮም እጅ ነሥቶ፣ አዋጁ የሚከለክለው ትንባሆ እንደሆነ፣ የእሱ ግን እንፋሎት እንደሆነ አስረዳ። አንበሳ አዋጁን ያወጣው ራሱ ስለሆነ ጎፈሩን አከከ።

ያን ጊዜ እመት ዳልቻ ወደ ቀበሮ ዞረች።

«የአንተ ልጆችስ የትኛውን ነው የሚወዱት? ማንጎውን ወይስ ዘይቱኑን?»

«ኧረ የእኔ ልጆች ገና ሕፃናት ናቸው» አለ ቀበሮ ሳያስበው።

የተናገረውን ዘግይቶ ሰማው።

አንበሳ ሌላ ምስክር አልጠራም። ጢስም ይሁን እንፋሎት፣ ቅጠልም ይሁን ጭማቂ፣ የወተት ጥርስ ላለው የሸጠ ከአገር ይውጣ ብሎ አዋጁን አደሰ። የገበያውን በር ለእመት ዳልቻ ሰጣት። ቀበሮ ጓዙን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ሄደ፤ አያ ጅቦም አጥንቱ ስለቀረበት እየተነጫነጨ ተከተለው።

እናቱ ድምቡሼን አመድ ላይ ወስዳ ተንከባለል አለችው። ተንከባለለ። አሸተተችውና ገና ነው፣ ድገም አለችው። ለብዙ ጊዜ ሸምበቆዋ እያማረችው አለቀሰ፣ አኮረፈ፣ ሳለ፣ ተንከባለለ። አንድ ማለዳ ግን ተነሥቶ አገሩን ሁሉ የቀሰቀሰ ማናፋት አናፋ። ጎረቤቱ ሁሉ አጉረመረመ። እናቱ አፍንጫዋን አንገቱ ሥር ቀብራ አሸተተችው። አህያ አህያ ይላል። እፎይ አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆችን ከመርዝ የሚጠብቅ አዋጅ ቃሉ ቀዳዳ ካለውና በሩ ላይ የቆመውም ለልጅ የማይሳሳ ከሆነ፣ መርዙ የፍራፍሬ ሽታ ለብሶ እቤታችን ድረስ እንደሚገባ ነው።